የኡሙልኸይር ቅሪቦ

መካነ ሰላም ላይ የሙስሊም ሠርግ ሲደገስ ቀኑ የሚቆረጠው ኡሙልኸይር ጊዜ እንዳላት ከተጠየቀች በኋላ ነው። ቅሪቦውን የምትጠምቀው እሷ ናት። ገብሱን ቆልታ፣ አፍልታና አጥልላ በስኳር ታጣፍጠዋለች፤ ጌሾ አይነካውም። ለክርስቲያኑ ጠላ፣ ለሙስሊሙ የኡሙልኸይር ቅሪቦ እየተባለ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረናል። እኔ አጥር የምንጋራ ክርስቲያን ጎረቤቷ ነኝ፤ ከሁለቱም እጠጣለሁ። ስለዚህ ያሰክራል አያሰክርም በሚለው ክርክር የምታመን ምስክር አይደለሁም።

ክርክሩን ያመጣው የወንድሟ ልጅ ሙሐሲን ነው። ስድስት ዓመት ሳዑዲ ሠርቶ እህቱን ፋጢማን ሊድር መጣ። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ከስልኩ የሰማውን ሁሉ ከሰማይ የወረደ ያደርገዋል፣ ይኼ ያናድደኛል። ገብሱ እየተቆላ ሳለ አጠገባችን ቆሞ፣ «አክስቴ፣ ቅሪቦው ይቅር። ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም ነው ብለዋል ነቢያችን» አላት።

መጀመሪያ በነቢዩ ላይ ሶለዋት አወረደች። ከዚያ ቁጣዋ መጣ። «እሳቸው ራሳቸው ቴምር የተነከረበትን ውኃ እስከ ሦስተኛው ቀን ይጠጡ ነበር። እናቴ ናት የነገረችኝ።»

«አያቴስ ከማን ሰሙ? ሐዲስ እኮ ዝም ብሎ አይወራም፤ ማን ከማን እንደሰማ ይጠየቃል።»

«አንተስ ከማን ሰማህ?» ብዬ ጥልቅ አልሁ። ስልኩን አሳየኝ። ሳቄ መጣ።

ኡሙልኸይር ግን አልሳቀችም። «ሙሉሐረግ፣ እውነቱን ከሆነስ? ይኼን ሁሉ ዓመት ሐራም ያጠጣሁ እኔ ልሁን?» ብላ እጄን ያዘች። አሳዘነችኝ።

ሦስታችንም ሸህ አህመዲን ቤት ሄድን። ሸሁ ሁለቱንም አዳምጠው፣ «ሁለቱም ሐዲስ ከታመኑ ሰዎች የተላለፈ ነው፤ አይጣላም። አንዱ ስለሚያሰክር መጠጥ ነው፣ አንዱ ገና ስላልተብላላ» አሉ። ሙሐሲን አንገቱን ደፋ። ኡሙልኸይር እፎይ አለች፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ልነሳ ስል ሸሁ እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

«የልጁ ጥያቄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉና ወደ ኡሙልኸይር ዞሩ። «ቅሪቦውን ከማን ተማርሽ?»

«ከእናቴ። እሷ ደግሞ ወግዲ ካለች አክስቷ።»

«እናትሽ እንዳሳየችሽ ነው የምትሠሪው?»

አዎ ማለት ትችል ነበር። እኔማ «አዎ በይ» ለማለት በክርኔ ጎሸም አድርጌያታለሁ። እሷ ግን፣ «አይደለም ሸኽዬ» አለች። «እናቴ እርሾ የሚባል አታውቅም። አሳድራ በማግሥቱ ነበር የምታቀርበው። እኔ ሰዉ አረፋ ሲወድ ጊዜ የዳቦ እርሾ ጨመርሁበት። ድግስ ሲደራረብም አራት አምስት ቀን አቆየዋለሁ። ደጎሎ በነበረ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ አራት ብርጭቆ ጠጥተው መነሳት አቃታቸው። ደስታ ነው ብለን ሳቅን።» እንባዋ ወረደ። «ሐዲሱን የምጠቅሰው ለእናቴ ቅሪቦ ነው፤ ለሰው የማጠጣው ግን የራሴን።»

ሸሁ አልተቆጡም። «አላህ ይማርሽ። ከዛሬ ጀምሮ እንደ እናትሽ ሥሪ» አሉና ዱዓ አደረጉላት።

በፋጢማ ሠርግ የአንድ ቀን ቅሪቦ ቀረበ። አረፋ የለው፣ ምን የለው። እውነቱን ለመናገር አልወደድሁትም። ነገረኛዋ ጎረቤታችን ቦጋለች አንድ ጊዜ ፉት ብላ፣ «ምነው ኡሙልኸይር፣ እጅሽን ምን ነካው?» አለች፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ።

ኡሙልኸይር ጆጉን አስቀመጠች። እርሾውን፣ ቀኖቹን፣ የደጎሎውን ሽማግሌ አንድ ሳታስቀር ተናገረችና፣ «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለች። አንዳንዷ አፉ ብለናል አለች። አንዳንዷ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች። ለሚቀጥለው ወር ሠርግ የጠሯት ሁለት ቤቶችም በሳምንቱ ሌላ ሰው ፈለጉ።

ያን ዕለት እንግዳው ሲበተን ሙሐሲን ተሸማቆ መጣ። «አክስቴ፣ ነገሩ ከሸሁ ቤት አልወጣም ነበር እኮ። ማን ይጠይቅዎ ነበር?»

«ማንም» አለችው። «ሃያ ስድስት ዓመት የኡሙልኸይር ነው እያሉ ሳይጠይቁ ነው የጠጡት።»