ማስትሮ ሕዝቅኤልና አምስቱ ጥቁር ቁልፎች

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ ሕዝቅኤል ኤርጫፎን «ማስትሮ» ብሎ ያልጠራ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ስል ቅናት እንዳይመስላችሁ። ቢመስላችሁም ግድ የለኝም፤ ከተማው በሙሉ መስሎታል፣ እናንተ ብትጨመሩበት ምንም አልጎዳም።

ፈቃደ እባላለሁ፤ ድራም መቺ ነበርኩ። «ነበርኩ» የምለው እጄ ተሰብሮ ወይም ጆሮዬ ደንቁሮ አይደለም። አሠሪያችን አቶ ገነነ ሴቻ ባለው ሆቴሉ ውስጥ አራት ሰው ያለው ባንድ ነበረው፦ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ኪቦርድ። አንድ ቀን ሕዝቅኤል ኪቦርዱ ላይ ያለችውን «ሪትም» የምትባል፣ ድራም በራሷ የምትመታ በተን ሲጫን አቶ ገነነ በአጠገቡ ሲያልፍ ነበር። ቆመ። ሰማ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። በዚያች አስተያየት ውስጥ የስንብት ደብዳቤዬ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመታበት። በወሩ ጊታሩና ቤዙም ተሰናበቱ። እኔን ግን አቶ ገነነ ደግ ሰው ስለሆነ አላባረረኝም፤ ስፒከር ተሸካሚና የሶኬት ኃላፊ አድርጎ ሾመኝ። የመድረኩ ሶኬት ልል ስለሆነ አንድ ሰው ካልያዘው ይወድቃል። ስምንት ዓመት ድራም የመታ እጅ ከዚህ የበለጠ ምን ሹመት ይመኛል?

የሕዝቅኤልን ምስጢር ያወቅኩት ድራሙ ወንበር ላይ ሳለሁ ነው። ሰው ከፊት ሆኖ ሲያየው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሲጫወት ያያል፤ ይደነቃል። እኔ ከኋላው ተቀምጬ የማየው ጣቶቹን ነበር። እነዚያ ጣቶች በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ነጭ ቁልፍ ነክተው አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዝቅኤል ካምባ ውስጥ ልጅ ሳለ በእግር እየተረገጠ በሚሠራ አሮጌ ኦርጋን ላይ ነው የተማረው። ያስተማረው ሰው «ጥቁሮቹ አምስት ናቸው፤ የትዝታ ቅኝትም አምስት ድምፅ ነው፤ ሌላውን ተወው» አለው። ሰውየው አልዋሸም። በአምስቱ ጥቁሮች ላይ ጣትህ የትም ቢያርፍ ትዝታ ነው። ሕዝቅኤልም ታዛዥ ተማሪ ስለነበር ሌላውን ተወው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ተወው። ነጮቹ ቁልፎች ለእሱ አቧራ ማረፊያ ነበሩ።

ችግሩ የጥቁሮቹ ትዝታ ከፍታው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ዘፋኝ ግን አንዱ ከፍ ብሎ ይነሳል፣ አንዱ ዝቅ ብሎ። ለዚህ የሆቴሉ አሮጌ ኪቦርድ መላ ነበረው። ግራ ጥጉ ላይ «ትራንስፖዝ» የምትባል ተንሸራታች አለች፤ እሷን ወደ ታች ስትገፋት ጣትህ ከቦታው ሳይነቃነቅ የኪቦርዱ ድምፅ በሙሉ ይወርዳል፣ ወደ ላይ ስትገፋት ይወጣል። ሕዝቅኤል ይህችን ተንሸራታች በፕላስተር ሸፍኗት ነበር። ሰው ሲጠይቀው «ኮረንቲ ይይዛል፣ እንዳትነኳት» ይላል። ዘፋኞቹም ማስትሮው ለእያንዳንዳቸው እንደ ድምፃቸው እየለዋወጠ የሚጫወት ይመስላቸው ነበር።

እኔ ይህን ደብቄለት አላውቅም። ከድራሙ በተነሳሁ ሰሞን ለወጥ ቤቶቹም፣ ለሚኒባስ ሾፌሮቹም፣ ቢራ ለሚጠጣውም ሁሉ አወራሁ። ሰዉ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ ፈቄ፣ ሥራ ማጣት ከባድ ነው» ይለኛል። በመጨረሻ ሰለቸኝና ተውኩት።

ኖላዊት የመጣችው እኔ ማውራቱን ከተውኩ በኋላ ነው። አርባ ምንጭ ተምራ፣ በዲፕሎማ ተመርቃ፣ በየቢሮው ማመልከቻ ስታስገባ ሁለት ዓመት የሞላት የአሰላ ልጅ ናት። ቅዳሜና እሁድ እኛ ዘንድ ትዘፍናለች። እኔ ሰው የማመስገን ልማድ የለኝም፤ ነገር ግን ያ ዝቅ ያለ፣ የሞላ ድምፅዋ ሲነሳ ሶኬቱን መያዜን ረስቼ ሁለት ጊዜ ኪቦርዱ ጠፍቷል። ለእሷ ሕዝቅኤል ተንሸራታቿን አራት ደረጃ ወደ ታች ያወርዳት ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ጥር ላይ በከተማው አዲስ የኪነት ቡድን ሊቋቋም መሆኑ ተሰማ። አንዲት ሴት ድምፃዊት በቋሚነት ይቀጥራል፤ ፈተናው በእኛ አዳራሽ፣ በእኛ ኪቦርድ ይሆናል ተባለ። ኖላዊት ይህን ስትሰማ የዘለለችው ዝላይ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ይህ ካልሆነላት ወደ አሰላ ልትመለስ ነው፤ ለቤተሰቦቿም ጽፋላቸዋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ የምትወደው ነገር ሥራ ሆኖ ሲመጣላት የመጀመሪያው ነበር።

አቶ ገነነ ደግሞ «በእንግዳ ፊት አሮጌ ዕቃ አላወጣም» ብሎ ሕዝቅኤልንና እኔን አስከትሎ ታች ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ኸሊፋ ሱቅ ወረደ። ሕዝቅኤል ለምርጫ፣ እኔ ለሸክም። ኸሊፋ ጨርቅም፣ ሬዲዮም፣ ምስማርም የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ከጣሪያው ሥር አንድ ትልቅ ኪቦርድ አወረደ። አቶ ገነነ ኪቦርድ የሚመርጠው በግ እንደሚመርጥ ነው። በሁለት እጁ አነሳው፣ ከበደው፣ ደስ አለው።

«ስንት ዓይነት ድምፅ አለው?»

«መቶ ሃያ ስምንት፣ ወላሂ» አለ ኸሊፋ። «ሄሊኮፕተር አለው፣ ወፍ አለው፣ ተኩስ አለው፣ ጭብጨባ አለው።»

«ጭብጨባም?»

«ሰዉ እምቢ ቢል ራሱ ያጨበጭባል፣ ጋሼ።»

ለሙዚቃ ቤት ከሄሊኮፕተር በላይ የሚያስፈልግ ነገር እንደሌለ የታወቀ ነው። ኸሊፋ ቀጥሎ አንዲት በተን ተጫነ፤ ኪቦርዱ ማንም ሳይነካው ከነድራሙ፣ ከነጥሩምባው ሙሉ ሙዚቃ መጫወት ጀመረ። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ገበያተኞች ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። አቶ ገነነ ኪቦርዱን አየ። ከዚያ ዞር ብሎ ሕዝቅኤልን አየ። ያችን አስተያየት እኔ አውቃታለሁ።

«እህ ማስትሮ፣ የምትጠይቀው ነገር አለ?» አለው።

የሕዝቅኤል ዓይን ግራ ጥጉን፣ ቀኝ ጥጉን፣ የኪቦርዱን ጀርባ ሳይቀር ሲፈልግ አየሁት። ተንሸራታች የለም። ትራንስፖዙ የት ነው ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ኸሊፋ ፈልጎ ያሳየው ነበር። ነገር ግን እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ዕድሜ ልኬን ያወራሁት ወሬ በአንድ ጥያቄ እውነት ሊሆን ነው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ጥሩ ዕቃ ነው።»

አሮጌው ኪቦርድ በዚያው ለቅያሪ ተሰጠ፤ በማግሥቱ ለሌላ ሰው ተሽጦ፣ ተጭኖ ምዕራብ ዓባያ ገባ።

ለፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር፤ አቶ ገነነ «አዲሱ ዕቃ በእንግዳ ፊት ይመረቃል» ብሎ እስከዚያ የቅዳሜና እሁዱን ዘፈን አቋረጠ። ሕዝቅኤል በሩን ቆልፎ በተኖቹን ሁሉ ሲነካካ ይውላል፤ ከውጭ ሄሊኮፕተሩ ሲያርፍና ሲነሳ እንሰማለን። መመሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ኖላዊት በግማሽ ሰዓት አንብባ ትነግረው ነበር፤ ማስትሮ ግን መመሪያ ሲያስነብብ አይታይም። ልጅቷ እንለማመድ ብትለው «አንቺ ደግሞ ልምምድ ምን ያደርግልሻል!» አላት። እሷ ሙገሳ መስሏት ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።

ፈተናው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሦስት ፈታኞች ተቀመጡ፤ ሰብሳቢያቸው አቶ ተክለወልድ የሚባሉ፣ ንግግራቸው እንደ ዜና አንባቢ የተስተካከለ ሰው ናቸው። ከኖላዊት በፊት የዘፈኑት ሁለት ልጆች ድምፃቸው ቀጭን ስለሆነ ደህና ተወጡት። እሷ ወጣች። ሕዝቅኤል መግቢያውን ጀመረ፤ ጥቁሮቹ ላይ፣ ከለመደችው አራት ደረጃ ከፍ ብሎ።

የመጀመሪያዎቹን ስንኞች እየተንጠራራች ደረሰችባቸው። የአንገቷ ሥር ተገተረ። አዝማቹ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ወደ ታች ልታወርደው ስትሞክር ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ዞራ ሕዝቅኤልን አየችው፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። በዚያን ቀን አጨፋፈኑ የማስመሰል አልነበረም።

ሶኬቱ በእጄ ነው። ብነቅለው መብራት ጠፋ ይባላል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ በሚጠፋበት አገር ማን ይጠረጥራል? ልጅቷ ትተነፍሳለች፣ ነገ ተመለሺ ትባላለች። አልነቀልኩም። «ዛሬ ጉዱን ያዩለታል» ብዬ ጨብጬ ያዝኩት። እነሱ ግን ያዩት ድምፅ የሌላት ልጅ ነው።

«ይበቃል፣ እናመሰግናለን» አሏት አቶ ተክለወልድ። ሲወጡም ለአቶ ገነነ «አጃቢው ግሩም ነው» ብለው ሄዱ።

ኖላዊት ወዲያው መጥታ «ጋሽ ሕዝቅኤል፣ ምን ሆኜ ነው?» አለችው።

«ብርድ መትቶሽ ይሆናል» አላት። «ጉሮሮሽን ተንከባከቢው።»

አመነችው። ማስትሮ ካለ አለቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝንጅብል አፈላች፣ ጥሬ እንቁላል ጠጣች፣ በዚያ ሙቀት አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ ዋለች። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ቆማ ያችን ከፍታ ትሞክራለች፤ እዚያው ቦታ ላይ ትሰነጠቅባታለች፤ እንደገና ትጀምራለች። እኔ ስፒከር ተሸክሜ በአጠገቧ አልፋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ለአቶ ገነነ መዝፈን ማቆሟንና ወደ አሰላ መሄጃዋ መድረሱን ነገረችው።

ያን ዕለት ሕዝቅኤል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ፈቄ፣ ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«የት?»

«አቶ ተክለወልድ ጋ። ልናገር ነው። አንተ ደግሞ ትመሰክራለህ። ይቺ ልጅ በእኔ የተነሳ መሄድ የለባትም።»

ይህችን ቀን ስጠብቅ ስንት ዓመቴ ነው! ሸሚዜን አጥቤ ተኮስኩ። ጫማዬን እንኳ አስጠረግኩ።

አቶ ተክለወልድ ቢሮ ገብተን ሕዝቅኤል ቆሞ ተናገረ። ከአምስቱ ጥቁሮች በቀር እንደማያውቅ፣ አዲሱ ኪቦርድ ላይ ማውረጃውን እንዳጣው፣ ጥፋቱ የእሱ እንጂ የልጅቷ እንዳልሆነ፣ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አቶ ተክለወልድ ፈገግ አሉ።

«አቶ ሕዝቅኤል፣ ለልጅቷ ማዘንዎን አደንቃለሁ። ነገር ግን እሷን ለመርዳት ሲሉ የራስዎን ስም ማጉደፍ የለብዎትም።»

«እውነቱን ነው!» አልኩ። «ከኋላው ተቀምጬ አራት ዓመት አይቻለሁ!»

«እርስዎ ያ ድራም መቺው ነዎት?» አሉኝ። «ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ።»

እንዴት እንደሰሙ ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም። እኔው ራሴ ነኝ ለሚኒባስ ሾፌሮቹ ያወራሁት።

ሕዝቅኤል ተስፋ አልቆረጠም። በክፍሉ ጥግ ለቡድኑ የተገዛ ኪቦርድ ነበር፤ ሄዶ ከፈተውና እጆቹን ነጮቹ ላይ አሳረፈ። ዘፈኑን ጀመረው። የአራት ዓመት ሕፃን ከዚያ የተሻለ ይሞክራል። ጣቱ ይጠፋዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይስታል፤ ላቡ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል። አቶ ተክለወልድ ከጎረቤት ቢሮ ሁለቱን ፈታኞች ጠርተው አስመጡ፤ ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እንዲህ አሳምሮ ለማበላሸት እኮ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል!» አሉ አንደኛው።

ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፤ ፈርማለች። ሕዝቅኤልን ግን እዚያው የቡድኑ ሙዚቃ ኃላፊ ይሁኑ ብለው ጠየቁት። እምቢ አለ። ይህም ትሕትና ተባለ።

በሚኒባስ ተመለስን። ሴቻ ስንደርስ፣ ለምን ልዋሽ፣ ሁለታችንም ትንሽ ኩራት ኩራት ብሎናል። ደፍረን እውነት የተናገርን ሰዎች ነንና! በቀጥታ ሆቴሉ ጓሮ ወዳለችው ወደ ኖላዊት ክፍል ሄድን። ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች።

«ሄደን ተናገርንልሽ» አላት ሕዝቅኤል። «አላመኑንም እንጂ ሁሉንም ነገርናቸው።»

«ምኑን?» አለች ቀና ብላ።

ነገራት። ስለ ጥቁሮቹ፣ ስለ ከፍታው፣ ስለ ተንሸራታቿ። እኔም ያጎደለውን ሞላሁ። ቀሚሱን እንደያዘች ሰማችን።

«ድምፄ ደህና ነበር ማለት ነው?»

«ከደህናም በላይ ነበር» አልኩ።

«ፈተናው ቀንም ታውቁ ነበር?»

ከአንገቷ ላይ ሻርፑን ፈታችና ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።

«ለእነሱ ከመንገራችሁ በፊት እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ» አለች።

ሕዝቅኤል መሬት መሬት አየ። እኔም ለከተማው ሁሉ አውርቼ ለእሷ ብቻ ያልነገርኩት ሰውዬ በሩን ለቅቄ ቆምኩ። ሻንጣዋን ዘግታ ራሷ ተሸክማው ወጣች፤ ልያዝልሽ ለማለት እንኳ አልደፈርንም።