የፎንተኗ ወንዝ በደቻቱ አሸዋ

ፋራህ የተወለደው ቢዮ አዋሌ በምትባል የገጠር መንደር ነው። መጋዝ መያዝ የተማረው ግን ድሬዳዋ ገብቶ፣ ሙሴ ጋርኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በከፈተው የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። እጁ አይታማም። ቃል ግን እንደ በረሃ ውኃ ይቆጥባል።

ጣሊያን በወጣ በአራተኛው ዓመት የሥራ ቤቱ አለቃ ታሞ ተሰናበተ። ቦታው ለፋራህ፣ ካልሆነም ለቀለም ቀቢው ለጉግሳ እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። አለቃ የሚሆን ሰው በግቢው፣ ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቤት ይሰጠዋል። ፋራህና ሚስቱ ፋዱማ የሚኖሩት ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ቆርቆሮ ሥር ነው። ትንሿ ልጃቸው ፋርሒያ ደረቷን ያማታል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ትንፋሽ ያጥራታል። ፋራህ ስለ ሹመቱ ግድ የለውም፤ የሚመኘው ጥላውን ነበር።

አንድ ቀን ሙሴ አስጠራው።

"ልክ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ፎንተኗ በምትባል መንደር እንግሊዞችን ድል አድርገናቸዋል" አለው። "እዚህ ያሉትን መኮንኖቻቸውን ምሳ ጠርቻለሁ። የጦር ሜዳውን በገበታ ላይ አሳንሰህ ሥራልኝ፤ መንደሩን፣ ጫካውን፣ ወንዙን ከነድልድዩ። ትንንሾቹን የቆርቆሮ ወታደሮች እኔ እደረድራለሁ። ካማረልኝ የአለቃው ቤት ያንተ ነው።"

ከዚያ የፈረንሳይ ንጉሥ ራሳቸው ስለ ተገኙበት ስለዚያ ውጊያ አጫወተው። ሁለቱ ሠራዊት ፊት ለፊት ሲገናኙ መኮንኖቹ ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ተነሣሡ፤ "እናንተ ቀድማችሁ ተኩሱ" ተባባሉ ይባላል።

"ከፊት የቆሙትንስ ጠየቋቸው፣ ሙሴ?"

"ወታደር ደግሞ መቼ ይጠየቃል?"

"ወሩስ ምን ነበር?"

"ግንቦት።"

ፋራህ ወሩን የጠየቀው አገሩን በወቅቱ መልክ ሊሠራው ብሎ ነው። በግንቦት ወንዝ ምን እንደሚመስል ደግሞ ነጋሪ አያሻውም። በበጋ ደርቆ አሸዋ ብቻ ወደሚቀረው ወደ ከተማው ወንዝ፣ ወደ ደቻቱ፣ ወርዶ አሸዋ ነፋ፤ ኮላ ቀብቶ በወንዙ መስመር ከገበታው ጫፍ እስከ ጫፍ አነጠፈው። የከብት ዱካ ሳይቀር በሚስማር ጫረበት። ድልድዩንም በአሸዋው ላይ አቆመው፤ የድሬዳዋ ድልድይስ ከዚህ በቀር በምን ላይ ይቆማል?

ሣሩን ሊቀባ የመጣው ጉግሳ ጎጃሜ ነው፤ በጋ ከክረምት ከማይደርቅ ወንዝ ዳር ያደገ። አሸዋውን አየ። ሰማያዊውን የቀለም ጣሳ በእግሩ ገፋ አድርጎ ከጠረጴዛው ሥር ከተተው።

"ወንዙ እንዴት ነው?" አለው ፋራህ።

"ወላሂ፣ ደቻቱን ራሷን በአህያ ጭነህ ያመጣሃት ነው የምትመስለው።"

"አንተ ክርስቲያን፣ ወላሂን ተዋት።"

ሁለቱም ሳቁ።

የምሳው ቀን ፋራህ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቆ ጥግ ላይ ቆመ። አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ገበታው ላይ ጎንበስ አለና ጓደኞቹን ጠራ።

"ጋርኒዬ፣ ንጉሣችሁ ድልድይ ምን ያደርግላቸዋል? ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ይሻገሩ የለም እንዴ?"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሌላው አንድ የቆርቆሮ ወታደር አንሥቶ አሸዋው ላይ በግንባሩ ደፋው፤ "ይኼ በውኃ ጥም የሞተ ነው" አለ። ሙሴ ስለ ድሉ ሊናገር ሁለት ጊዜ ጀመረ፤ የሰማው የለም።

እንግዶቹ ሲወጡ ሙሴ ፋራህ ላይ አፈጠጠ።

"ወንዙ የታለ?"

"ይኸው፣ ሙሴ። ግንቦት አይደል እንዴ?"

"ጀልባ የሚሄድበት ወንዝ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!"

የአለቃው ቤት ቁልፍ ለጉግሳ ተሰጠ። ጉግሳ ዕቃውን ያስገባ ዕለት አልጋውን ያሸከመው ፋራህን ነበር። አልጋውን ካሳረፉ በኋላ ፋራህ ጠየቀው።

"አውቀህ ነበር?"

"አውቄ ነበር።"

"ታዲያ ምን አፍህን ያዘው?"

"አንተ ብትሆን ትነግረኝ ነበር?"

ፋራህ "አዎ" ሊል ጀመረና ተወው፤ ጎንበስ ብሎ የአልጋውን እግር አስተካከለ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠጉሩ እስኪሸብት በጉግሳ ሥር ሲሠራ ይህን ነገር ዳግም አላነሡትም።

ፋርሒያን ነፋስ ታግኝ ብለው ቢዮ አዋሌ ላለችው ለእኅቱ ለኪንሲ ሰጧት። ዳነች፤ አደገችም። ፋራህ እሑድ እሑድ በእግሩ ሊያያት ይሄዳል። ከሩቅ ስታየው ወደ ቤት ትሮጥና ለኪንሲ "እማዬ፣ እንግዳ መጣ" ትላታለች።