የትርንጎ ዓይን

ልጅ ሳለሁ፣ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ብርዱ ገና ሳይመሽ ሁሉንም ምድጃው ዙሪያ ይሰበስበው ነበር። ያኔ የአስታ እንጨት ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ያባቴ ታላቅ ወንድም አያ ካሴ ተረት ይነግሩናል። አባቴ ከሞተ ወዲህ በሬውም፣ በቅሎዋም፣ በቤታችን የመጨረሻው ቃልም የእሳቸው ነበር። ተረቱንማ ሲያውቁበት! አፋቸውን ሲከፍቱ እኛ መተንፈሱንም እንረሳለን።

አንድ ምሽት፣ ዓይኗ በጨለማ እያበራ የጠፉ መንገደኞችን ከዋሻ ስለምታወጣ ልጅ እየነገሩን ሳለ፣ እናቴ ኩራዙን ከፍ አደረገችው። ብርሃኑ ገና ድክ ድክ በምትለው በታናሽ እህቴ በትርንጎ ፊት ላይ አረፈ። በግራ ዓይኗ ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ቦግ አለ። አያ ካሴ ተረቱን አቋርጠው፣ «እሰይ! ይቺም ብርሃን የተሰጣት ናት» አሉ በደስታ። ወዲያው ደግሞ፣ «ለሰው እንዳታሳዩዋት፤ የሰው ዓይን ይበላታል» ብለው አስጠነቀቁን።

እናቴ ግን አልተዋጠላትም። ዓይኑ ውሎ አድሮ ሸውረር ማለት ጀመረ።

«አያ ካሴ፣ በቅሎዋን ይስጡኝና ጎንደር ሐኪም ቤት ላድርሳት» ብላ ለመነች።

«ይህችን የመሰለች ሸጋ ልጅ ምነው ለቢላዋ ትሰጫለሽ?» አሏት።

ትርንጎ ነጠላ ተከናንባ ቤት ዋለች፤ ጎረቤት ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ክታብ ታሰረላት፣ ጠበል ተጠመቀች። ክረምቱ ገባ፣ ወንዙ ሞላ። ዓይኗ አብጦ የዓይኗ ቆብ አልገጥም ሲል ጊዜ አያ ካሴ ደንግጠው በቅሎዋን ጫኑ።

እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ አየና በንዴት ወደ እናቴ ዞረ።

«የዓይን ነቀርሳ ነው። ነጩን እንዳያችሁ ብትመጡ ዓይኗን አውጥተን ነፍሷን ባተረፍን! እስካሁን የት ነበራችሁ?»

«እናንተስ የት ነበራችሁ?» አለችው እናቴ።

ግብር ተቀባዩን አገራችን ርቆት አያውቅም፤ ለሐኪም ሲሆን ግን ያ ሁሉ ገደል የእኛ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ትርንጎ ለጥምቀት አልደረሰችም። ከተዝካሯ በኋላ አያ ካሴ ሊያጽናኑን ብለው፣ «አንዲት ብርሃን የተሰጣት ልጅ ነበረች፤ ሰማይ ቢወዳት...» ብለው ጀመሩ።

«ይተዉ!» ብላ እናቴ ጮኸች። «ልጄን ተረት አያድርጉብኝ! በሽታ ነው የገደላት!»

አያ ካሴ ፍሙን ጫር ጫር አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይወዷት ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ እየተወደደች፣ ተደብቃ ሞተች።

ዛሬ ልጆች ከበውኝ ተረት ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ። ስለ ትርንጎ ሲጠይቁኝ ግን፣ «እህቴ ነበረች፤ ዓይኗን ታማ፣ ሐኪም ርቋት ሞተች» እላቸዋለሁ። ከዚህ አሳምሬ መናገር አልችልም፤ አልፈልግምም።