ለእንግዳ የማይነገር ሕመም

አባ ዳኘው ሰው ፊት ማማረር አያውቁም። ወገራ ሳሉ የእርሻ በሬያቸው ገደል ገብቶ የሞተ ጊዜ እንኳ፣ ሊያጽናናቸው ለመጣው ሁሉ «ተመስገን» ሲሉ ከረሙ። በሱዳን አድርገው እስራኤል አገር አሽዶድ ከተማ ከገቡም በኋላ፣ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ካርቶን ሲያነሡ ወገባቸው ተጎድቶ፣ አለቃቸው እስከ ጡረታቸው ቀን አልሰማም። ሚስታቸው ንግሥቴ በዚህ ጠባያቸው ስትኮራም ስትናደድም አርባ ዓመት ኖራለች።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1992 መግቢያ ካንሰር ጉበታቸውን ያዘው። ሐኪሞቹ መዳን የለም ብለው ሮቫ ዩድ ቤት በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታቸው መለሷቸው። ኦርና የምትባል ነርስ ኩፓት ሖሊም ከሚባለው የጤና መድን ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ደግ ሴት ናት፤ ደስ ላሰኛቸው ብላ የአማርኛ ሰላምታ ተምራለች። «እንደምን አደሩ፣ አባ?» ትላለች። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ኦርናም «ሕመም የለም» ብላ ጽፋ ትሄዳለች። ማስታገሻውም ሳይጨመር ቀረ።

እሷ ስትወጣ አባ ዳኘው ትራስ ይነክሳሉ።

አንድ ቀን ጠዋት «ንግሥቴ፣ መድኃኒቱን ሁሉንም ባንዴ ስጭኝና ልረፍ» አሏት። የሰጠ ፈጣሪ ነው፣ የሚወስድም እሱ፤ ይህን ታውቃለች። ስቃያቸው ግን አንጀቷን በላው። እምቢ ብላ በረንዳ ወጥታ አለቀሰች፤ ከዚያ ተናደደች።

ኦርና እንደመጣች፣ ንግሥቴ ልጇን ሙላቷን እያስተረጎመች «ሞት ነው የለመኑኝ» አለቻት።

ኦርና ደነገጠች። «ደህና ነኝ ይሉኝ የለ?»

«ለእንግዳ ሌላ ምን ይበሉ?» አለች ንግሥቴ። ወደ ባሏ ዞረች። «በሬዎ ሲታመም ዝም ይሉ ነበር? አፍ የለውም ብለው አይናገሩለትም ነበር? ይህም ሥጋ ፈጣሪ አደራ የሰጠዎ ከብት ነው። ይናገሩለት እንጂ።»

አባ ዳኘው እጃቸውን ጎናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው «እዚህ ጎኑ ላይ ይወጋዋል። እንቅልፍ የለውም። ውሃም አያስውጠውም» አሉ። ኦርና ጻፈች፤ ለሐኪሙም ደወለች። መድኃኒቱ ተጨመረ፤ በየአራት ሰዓቱም ሆነ።

ንግሥቴ ማንኪያውን ይዛ «ይህስ ሁሉንም ባንዴ እንደ መስጠት አይሆንብኝም?» ብላ ጠየቀች።

«ያ ሕይወታቸውን ነው የሚወስደው፤ ይህ ሕመማቸውን» አለች ኦርና። ለንግሥቴ ይህ በቃት።

በሦስተኛው ቀን አባ ዳኘው ሳይቃትቱ ተኝተው አደሩ። ነቅተው ሾርባ ጠጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያን ለት ያልኩሽን ለሌሎቹ ልጆች እንዳትነግሪ። የፋሲካን ምርቃት የምመርቃቸው እኔው ነኝ» አሉ።

የፋሲካውን ቂጣ ቀምሰው፣ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ መርቀው፣ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ በእንቅልፋቸው ዐረፉ። ንግሥቴ ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ «ሳይሰቃዩ ነው የሄዱት» ስትል እውነቷን ነበር።