በሁዳዴ የጠጣነው ወተት

«አንቺ ምስጋና የማታውቂ ልጅ ነሽ» አለችኝ እናቴ ፊት ለፊት። በየዓመቱ እግዜርን የምታመሰግነው ለላም አርቢዋ ለአዴ ሎኮ ስኳር በመውሰድ ነው፤ ዘንድሮ ጉልበቷ እምቢ ብሏት እኔን ብታዘኝ፣ «ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ?» ብያት ነበር።

ለአዴ ሎኮ የምመልስላቸውን የወተት ጮጮ አነሳሁ። ክዳኑን ስከፍተው የታጠነበት እንጨት ጭስ ሸተተኝ።

ይህን ጭስ መጀመሪያ ያሸተትኩ ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወታደሩ አባቴ ወዳለበት ፊልቱ ስንሄድ መኪናችን ሜዳ ላይ ተሰበረና በሁለተኛው ቀን ውሃችን አለቀ። ምድሩ በሙቀት እንደ ሐይቅ ሲንቀጠቀጥ፣ አዴ ሎኮ ከላሞቻቸው ጋር ከሐይቁ ውስጥ የወጡ መሰለኝ። «ናጋ?» ብለው ሰላምታ ሰጡንና የወተት ጮጯቸውን ዘረጉልኝ።

«ለልጄ ይበቃል፤ እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ» አለች እናቴ በደረቀ ከንፈሯ።

አዴ ሎኮ ጮጮውን ከአፌ ላይ መለሱት። «ወተቴን ናቅሽ? እንግዲያ ልጅሽም አትጠጣም።»

እናቴ ሰማዩን ረጅም ጊዜ አየች። «እሺ፣ አንተ ከላክኸውማ እጠጣለሁ» አለችና ጠጣች። ከማን ጋር እንደምታወራ ለማየት ቀና አልኩ፤ አንድ ጭልፊት ብቻ ይዞራል። ከዚያ ጮጮው ወደ እኔ መጣ፤ ለብ ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል ወተት።

«ክዳኑን ይዘሽ ቆመሽ ልትውዪ ነው?» አለች እናቴ።

ስኳሩንና ጮጮውን ይዤ ወጣሁ።