የጋሽ ዘለቀ ቀኝ እግር

ቡሬ ለማስተማር ተመድቤ ከፍኖተ ሰላም የተሳፈርኩት በጋሽ ዘለቀ አሮጌ ላንድሮቨር ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ጋቢና ተቀምጬ ሳይ፣ ጋሽ ዘለቀ ፍሬን የሚይዙት በግራ እግራቸው ነው። ግራው ፍሪሲዮኑን ትቶ ወደ ፍሬኑ በሄደ ቁጥር መኪናዋ ተንገጫግጫ ትጠፋለች፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል።

ደጋግሜ ከገፋሁ በኋላ አላስቻለኝም። «ጋሽ ዘለቀ፣ ቀኝ እግርዎን ያመዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ደህና ነው። ንስሐ ላይ ነው» አሉኝ።

ለካ ጅጋ ላይ የአንዲት ባልቴት በግ ገጭተው ለነፍስ አባታቸው ለአባ አስረስ ተናዝዘው ኖሯል። አባ አስረስ መኪና ተሳፍረው አያውቁም። «ፍሬኑን ለመያዝ የዘገየው የትኛው እግርህ ነው?» ብለው ጠየቁ። ቀኙ መሆኑን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው እስከ ፋሲካ ፍሬኑን አይንካ፤ ግራው ያገልግል» ብለው ቀኖና ሰጡ።

ማንኩሳ ስንደርስ አንድ ባለ ጥምጥም ቄስ መንገድ ዳር ቆመዋል። ጋሽ ዘለቀ «እሳቸው ናቸው» አሉኝና መሃላችን አስቀመጧቸው። ገፍተን አስነሳናት።

ከከተማዋ ወጣ እንዳልን ቁልቁለቱን የከብት መንጋ ሞልቶታል። የጋሽ ዘለቀ ግራ እግር ፍሬኑን እስኪያገኘው መኪናዋ ተንደረደረች። የቆመችው የኋለኛዋ ላም ጭራ መስታወታችንን ሲጠርግ ነው።

አባ አስረስ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ መስቀላቸውን አወጡና የጋሽ ዘለቀን ቀኝ ጉልበት ባረኩ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ፤ በቀኝህ ያዘው። የቀረውን እኔ እሰግድልሃለሁ።»