ከሸራው የወረደው ሰው

መጀመሪያ የጠፋው ድምፁ ነው። ጄኔሬተሩ ከአዳራሹ ውጭ ይጮኻል፤ ፕሮጀክተሩ እጄ ሥር ይሽከረከራል፤ ሰዉም እንደ ልማዱ ያወራል፣ ያስላል፣ ልጁን ይቆጣል። በአንዴ ሁሉም ዝም አለ። ቀጥሎ የተቃጠለ ላባ የሚመስል ሽታ መጣብኝ። ቀና ብዬ ሸራውን ሳየው፣ ማሳው ላይ ከሚያጭዱት ገበሬዎች ኋላ ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ያንን ፊልም ከሃያ ጊዜ በላይ አሳይቼዋለሁ። እዚያ ቦታ የሚቆም ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ጮኼ ወደቅሁ። ሰውነቴ ተገተረ፤ ተንፈራገጥሁ፤ አረፋ ደፈቅሁ። ስነቃ ምላሴ ተነክሶ፣ ላይኛው ከንፈሬ ተቃጥሎ ነበር። ምላሴን የነከስሁት እኔ ነኝ። ከንፈሬን ያቃጠሉት ግን ክብሪት እየጫሩ ያሸተቱኝ ደግ ሰዎች ናቸው። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ጢሜን ያሳደግሁት ለእሱ ስል ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ለሕዝብ ፊልም የማሳይ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርሁ። በገበያ ቀን የአዳራሹን መስኮቶች በጆንያ እንጋርድና በጠራራ ፀሐይ ጨለማ እንሠራለን። ሌላ ጊዜ ማሽኑን ጭነን ወደ ገሳይ ወይም ወደ አንበሳሜ እንሄዳለን። የምናሳየው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት፣ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ሸራ የምንለው ግድግዳ ላይ የተወጠረ አቡጄዲ ነበር። ጄኔሬተሩ ስላረጀ በየጊዜው ይደክማል፤ ያኔ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ሰዉ ያፏጫል፤ እኔ ግን ዓይኔን አልነቅልም። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓለምን ያየሁት በዚያ አቡጄዲ ላይ ነው ብል አላጋነንሁም። በዓል በመጣ ቁጥር ማሽኑ ይፈለጋል፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከሳምሁ ቆይቶ ነበር።

ሁለተኛ የወደቅሁት አንበሳሜ ላይ ነው። ድምፁ ጠፋ፤ ሽታው መጣ፤ ሰውየው ቆሟል። በዚህኛው ጊዜ ትከሻው ትንሽ ዞር ብሏል።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ባለቤቴ የሺ፣ የአራት ወር ልጃችንን ምሕረትን አዝላ ምሳ አመጣችልኝ። ልጅቷን ተቀበልኋት። ማሽኑ እየሠራ ነበር። ታቅፌያት ቀና አልሁ። ድምፁ ጠፋ። ልጄን ለመስጠት አሰብሁ። እጄ አልታዘዘኝም። ወደቅሁ። ልጄም አብራኝ ወደቀች።

የማሽኑ ሣጥን ግንባሯን ላጥ አደረጋት እንጂ ሌላ አልነካትም፤ እግዚአብሔር አተረፋት። የሺ አልጮኸችም። ልጅቷን አነሣች፣ ግንባሯን ዳበሰች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄን አላቀበለችኝም። እኔም ስጪኝ አላልሁም። ልጄ ስታለቅስ ከማዶው መደብ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ከበሽታው ሁሉ ያመመኝ ይህ ነው።

ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ብዙ ጠየቀኝ፤ አቋርጦኝ አያውቅም።

«ኢፒሌፕሲ፣ የሚጥል በሽታ ነው» አለኝ። «ልክፍት አይደለም፤ በአረፋውም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ሦስቱንም ጊዜ የወደቅኸው ማሽኑ አጠገብ ነው። የሚርገበገብ ብርሃን የሚጥላቸው ሰዎች አሉ። ፌኖባርቢታል የሚባል ክኒን እሰጥሃለሁ፤ ማታ ማታ ትውጣለህ፤ አንድም ቀን እንዳታቋርጥ። ከሸራው ደግሞ ራቅ።»

ስለ ሰውየው አልነገርሁትም። እብድ ነው ብሎ እንዳይጽፍብኝ ፈራሁ።

አለቃዬ የአንድ ወር የሕመም ፈቃድ ሰጠኝ። ያን ወር ጣራ ገዳም ልሆን ወሰንሁ። ፊልም የሌለበት፣ ጄኔሬተር የማይሰማበት፣ ከእግዚአብሔርና ከዛፍ በቀር ማንም የሌለበት ቦታ አማረኝ። ስሰናበት የሺ በሩ ላይ ልጅቷን አቅፋ ቆማ፣ «ድነህ ና። ያኔ ታቅፋታለህ» አለችኝ። የያዝሁት ስንቅ እሱ ነበር።

ከአዲስ ዘመን ከተማ ሽቅብ ወደ ገዳሙ ስወጣ ለጠበል የምትሄድ አንዲት ሴት አብራኝ ነበረች። ጠርሙሷን እያሳየችኝ ስለ ልጇ አወራችኝ፤ እኔም ክኒኔን አሳየኋት። ደነገጠች።

«አዬ ወንድሜ! ጠበልና መድኃኒትማ አይቀላቀልም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ይኼን ሳትሰማ ነው የመጣኸው?»

ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ የነገረኝን የማውቀው ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ ነው። ክኒኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ከጠበሉ በላይ ካለ ድንጋይ ሥር ቀበርሁት። እምነት የጨመርሁ መሰለኝ።

ሦስት ቀን ደስ አለኝ፤ ይህን አልክድም። ጎሕ ሲቀድ እጠመቃለሁ፤ እስከ ማታ እጾማለሁ፤ ሌሊት ቆሜ አድራለሁ፤ ቀን ጥድና ወይራ መካከል ብቻዬን እቀመጣለሁ። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ አያለሁ። በቀን አንድ እፍኝ ጥሬ ሽምብራ የሚበላ ሰው የእግዚአብሔርን ፍጥረት እንደ አዲስ ይቀምሳል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ረኃቡ፣ የተቀበረው ክኒን፣ ሁሉም አንድ ላይ ምን እያዘጋጁልኝ እንደነበር አላወቅሁም።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በጥዶቹ መካከል እሄድ ነበር። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ከግንዱ ኋላ ትገባለች፤ ትወጣለች። ብልጭ። ድርግም። ብልጭ። ድርግም።

ወፎቹ ዝም አሉ።

ቆምሁ። ሽታው መጣ። ሸራ የለም። ማሽን የለም። አገሩን ሁሉ ትቼ መጥቻለሁ። ከሁለት ጥዶች መካከል ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጋቢው ጥለት እንኳ ነበረው፤ በሸራ ላይ ጥለቱ አይታይም ነበር። ተከትሎኝ ነው አልሁ። ወርዶ ነው። አንገቱን ማዞር ጀመረ። ጆሮውን አየሁት።

ሌላ አላየሁም።

አንዴ ጥሎኝ አልተወኝም። ሳልነቃ ደግሞ ጣለኝ። ደግሞ። ያገኙኝ ሰዎች ተሸክመው ወደ ጠበሉ አወረዱኝ። የጠበሉ አገልጋዮች መንፈሱ እንዲለፈልፍ በመስቀል እየመቱ ጠየቁት። «ማን ነህ? ከየት ያዝኸው?» እኔም፣ እዚያ የነበሩት ሁሉ እንደ ነገሩኝ፣ በፊልሞቹ ተራኪ ድምፅ፣ «ጓዶች! ምርታችንን በማዳበሪያ እናሳድግ! ወደፊት!» አልሁ። ሳቅና ፍርሃት አንድ ላይ መጣ ይላሉ። ገሚሱ ጋኔኑን፣ ገሚሱ ይህን የሚሰማ ካድሬ እንዳይኖር ፈራ።

ስነቃ አጥማቂው አባ ገብረ ማርያም አጠገቤ ተቀምጠዋል። ያረጁ፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ መነኩሴ ናቸው።

«ጋኔንህ ስብሰባ ይወዳል» አሉኝ። ቀጥለው፣ «ሐኪም ዘንድ ሄደህ ነበር?»

«አዎ አባቴ።»

«መድኃኒት ሰጠህ?»

«ሰጥቶኝ ነበር። ለጠበሉ ብዬ ተውሁት።»

«ማን ተው አለህ?»

«ሰው ሁሉ ይላል፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ…»

አላስጨረሱኝም። «ያጠመቅሁህ እኔ ነኝ ወይስ ሰው ሁሉ? ጠበሉና ክኒኑ ሁለት ዛፍ መሆናቸውን በምን አወቅኸ? ሥራቸውን ቆፍረህ አይተሃል? ዛፉ አንድ ነው፤ አንተ አንዱን ቅርንጫፍ ቆርጠህ ነው የወደቅኸ።»

ድንጋዩን ነገርኋቸው፤ ራሳቸው ሄደው አመጡት። አንዱን ክኒን መዳፌ ላይ አኖሩ፤ በቅል ጠበል ቀድተው፣ «በዚሁ ዋጠው» አሉኝ። ዋጥሁት። ከዚያ ወዲህ ክኒን ስውጥ አፌ የሚያስታውሰው የዚያን ቅል ጣዕም ነው።

ያኔ ስለ ሰውየው ነገርኋቸው። ለማንም ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አልሳቁም።

«እዚህ ጫካ ብቻውን የሚቀመጥ ሁሉ አንድ ሰው ያያል» አሉ። «አትጥራው። አትከተለው። ጸሎትህን ጸልይ።»

«እርስዎም ያዩታል አባቴ? ፊቱን አዙሮ ያውቃል?»

ወደ ጥዶቹ አይተው አማተቡ።

በማግስቱ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ አወረዱኝ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ማቋረጥህ ነው እንዲህ ያደረገህ። እንደዚህ ደጋግሞ ሲጥል ሰው ይሞታል» አለኝ። ቀጥሎ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፦ «ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?» ነገርሁት። ጣቶቹን ዘርግቶ በመስኮቱ ብርሃን ፊት አንዴ አሳለፋቸውና ወዲያው መለሳቸው። ጥዶቹ ፕሮጀክተሩ የሚሠራውን ሥራ እንደሠሩ ያኔ ገባኝ። «ብርሃን ሲርገበገብብህ አንድ ዓይንህን በመዳፍህ ክድን አድርግ። መጨፈን ብቻ አይበቃም፤ ክደነው» አለኝ። ሰውየውንም ነገርሁት። «ኦውራ ይባላል። ከመውደቅ በፊት አንጎል የሚያሳየው ነው» አለ። አመንሁት። አባ ገብረ ማርያምንም አምናቸዋለሁ፤ ሁለቱን ማስታረቅ የእኔ ሥራ አይደለም።

ከሆስፒታል ወጥቼ የቀረኝን ፈቃድ ጣራ ገዳም ጨረስሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ማታ ክኒኔን በጠበል እየዋጥሁ፣ በጊዜ እየተኛሁ፣ አባ በፈቀዱልኝ መጠን እየጾምሁ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከጥዶቹ ወጥቼ ገላጣው ሣር ላይ እየተቀመጥሁ ነበር። እዚያ ሣር ላይ ምንም የሚሽከረከር ነገር ሳይኖር፣ ደመናው ከጉና ተራራ በኩል በራሱ ጊዜ እየመጣና እየሄደ፣ ስድስት ዓመት የዘነጋሁትን ውዳሴ ማርያም ከትዝታዬ ቃል በቃል እየለቀምሁ ስጸልይ፣ እግዚአብሔር ቀድሞም አጠገቤ እንደነበር፣ እኔ ግን ሌላ ነገር እያየሁ እንደነበር ተረዳሁ፤ አለቀስሁም፤ ለቅሶዬ የደስታ ነበር። ስመለስ አለቃዬን ለምኜ ወደ ችግኝ ጣቢያ ተዛወርሁ፤ እዚያ ከጥድና ከኮሶ ችግኝ ጋር ጎንበስ ቀና ስል ወራቱ ሳይታወቀኝ አለፉ፤ ዓመት ሞላ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ፣ አልወደቅሁም። የሺ ግን ልጅቷን አላቀበለችኝም፤ አልፈረድሁባትም።

እናንተ ይህ በሽታ የያዛችሁ ወይም የያዘው ሰው ያላችሁ፣ ከእኔ ስሕተት ተማሩ። መድኃኒታችሁን ለማንም ተረት ብላችሁ አታቋርጡ፤ ተጠመቁ፣ ጸልዩ፣ ክኒኑንም ዋጡ። የወደቀውን በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ክብሪታችሁን ለምድጃ አስቀምጡ። ያያችሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩት፣ የሚያሳፍረውንም ጭምር። ሐኪሙን፣ አባ ገብረ ማርያምን፣ የተሸከመኝን ባለ ቃሬዛ ሁሉ አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋና የሰጠሁት አንድ እሑድ ነው።

ከቅዳሴ እየተመለስን ነበር። ምሕረት ድክም ብሏት ታነክሳለች። የሺ ቆመች፤ አየችኝ፤ ልጅቷን ይዤ ከወደቅሁበት ቀን ወዲህ ያላየሁባት አስተያየት ነበር። «ያዛት» አለች።

አቀፍኋት። ከብዳለች። መንገዱ ዳር ለዳር ባሕር ዛፍ የተተከለበት ነው፤ ፀሐይዋ በጎን ትመጣለች። ብልጭ። ድርግም። ብልጭ። ፊት ለፊታችን ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል።

ልጄን በቀኝ እጄ አጥብቄ፣ በግራ መዳፌ አንድ ዓይኔን ከደንሁ። ምሕረት አየችኝና ጨዋታ መስሏት የራሷን ዓይን በትንሽ መዳፏ ከደነች። ድምፁ አልጠፋም። የየሺ እግር ኮቴ ይሰማኛል፤ ወፉም ይሰማኛል። ሰውየውም አልጠፋም።

አትጥራው ያሉኝ ትዝ አለኝ። ለልጄ ግን አልነገርኋትም ነበር።

«አባባ!» ብላ ወደ ሰውየው ጮኸች።

ሰውየው ቆመ። ዞረ። ሽበታም ገበሬ ነው፤ ብብቱ ሥር የዳቦ ቁራጭ ይዟል። በየዓይናችን ላይ የጫንነውን መዳፍ አይቶ ፈገግ አለ።

«እንደምን አደራችሁ?» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።